ላማሌራ፦ ዓሣ ነባሪ አዳኙ የኢንዶኔዥያ መንደር በምን ይኖራል? ወደፊትስ ምን ይጠብቀዋል?

በማኅበራዊ መገናኛዎች እየተመላለሰ የሚታይ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አለ። ባዶ እግሩን በጀልባ የፊት ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ይዞ ይዘልና፣ ጦሩን በመላ ሰውነቱ ክብደት ገፍቶ በዓሣ ነባሪ ጀርባ ላይ ይተክለዋል። ከሥሩ የሚጻፉት አስተያየቶች ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ግማሹ ተመልካች በጭካኔው ይቆጣል፣ ግማሹ በጀግንነቱ ይደነቃል። ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ግን ከረጅም የሥራ ሰንሰለት ውስጥ የጥቂት ሰከንዶችን ድርሻ ብቻ ነው። ዓሣ ነባሪው ከተገደለ በኋላ ሥጋው ወዴት እንደሚሄድ፣ መንደሩ ዓሣ ነባሪ ባልመጣበት ወር ምን እንደሚበላ፣ ልጆቹ አድገው የት እንደሚገቡ ምስሉ አያሳይም። ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ይህን ያልታየውን ክፍል ነው።

ላማሌራ የት ነው? ሩቅ የሚያሰኘውስ ምንድን ነው?

ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶችና ከ270 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ከሕዝቧ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ጃቫ በተባለችው በአንዲት ደሴት ላይ ሲሆን፣ ሥልጣኑም፣ ፋብሪካውም፣ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎችም በአመዛኙ እዚያው ተከማችተዋል። ከጃቫ ወደ ምሥራቅ በተጓዙ ቁጥር ደሴቶቹ እየደረቁ፣ መንገዱ እየቀጠነ፣ የሸቀጥ ዋጋም እየናረ ይሄዳል። በዚህ አቅጣጫ የሚገኘው ምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ የተባለው ክፍለ ሀገር ከአገሪቱ ድኃ ክፍላተ ሀገራት አንዱ ነው። ከአምስት ነዋሪዎቹ አንዱ ያህል ከድኅነት ወለል በታች ይኖራል፤ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገ አገር አቀፍ ጥናትም ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናቱ 35 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለትም በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የቀረ ነበሩ።

ሌምባታ በዚህ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከፍሎሬስ ደሴት በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ 135,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ደሴት ናት። ከ1999 ጀምሮ ራሷን የቻለች አውራጃ ሆናለች፤ ዋና ከተማዋ ሌዎሌባ በሰሜን በኩል ባለው የተረጋጋ ባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጣለች። ላማሌራ ግን በተቃራኒው፣ በደቡብ፣ ሳቩ ወደሚባለው ጥልቅ ባሕር በሚያይ ገደላማ የድንጋይ ዳርቻ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ እስከ ሁለት ሺህ ይገመታሉ።

ከሌዎሌባ እስከ ላማሌራ ያለው ርቀት በካርታ ላይ ሲታይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ሩቅ የሚያደርገው ተራራውን እየዞረ የሚሄደው መጥፎ መንገድና ከደሴቲቱ ለመውጣት የሚያስፈልገው መርከብ ነው። ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ወደ ኩፓንግ ለመሄድ አንድ ሌሊት የሚፈጅ የመርከብ ጉዞ ወይም አነስተኛ አውሮፕላን ያስፈልጋል። በጥርና በየካቲት አካባቢ የምዕራቡ ነፋስ ሲበረታ ጀልባም መርከብም ሊቆም ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሱቁ ባዶ ይሆናል፣ የታመመም ሰው ባሕሩ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ስለዚህ የደሴት መንደር ሩቅነት በኪሎ ሜትር ከሚለካ ይልቅ፣ መርከብ በሳምንት ስንት ጊዜ ይመጣል፣ በዓመት ስንት ሳምንትስ ጨርሶ አይመጣም በሚለው ቢለካ ይበልጥ ትክክል ነው።

እርሻ የሌለው መንደር ምን ይበላል?

ላማሌራ የተቆረቆረችበት የላባለካን እሳተ ገሞራ ቁልቁለት ድንጋያማ ነው፤ በመንደሩ ዙሪያ እህል የሚያበቅል መሬት የለም ማለት ይቻላል። በአፈ ታሪካቸው መሠረት የላማሌራ አያቶች ከሌላ ደሴት በባሕር ማዕበል ተፈናቅለው የመጡ እንግዶች ናቸው። ደህናው የእርሻ መሬት አስቀድሞ በተራራው ነዋሪዎች እጅ ስለነበር፣ ለመጤዎቹ የቀራቸው ዳርቻው ነበር። አፈ ታሪኩ በዝርዝሩ ምንም ያህል ይታመን፣ የዛሬውን የሥራ ክፍፍል ግን በሚገባ ይገልጸዋል፤ ከላይ ያሉት ያርሳሉ፣ ከታች ያሉት ያድናሉ።

የአደኑ ወቅት ሌፋ ይባላል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለውን ደረቅ ጊዜ ይሸፍናል። ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት የየጎሣው ሽማግሌዎች በባሕሩ ዳርቻ ተሰብስበው ያለፈውን ዓመት ቅሬታ ያወራርዳሉ፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ ያልተፈታ ጠብ ጀልባ ላይ አደጋ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። በፈረንጆቹ ሜይ 1 ቀን ደግሞ ካህኑ በዳርቻው ላይ ቅዳሴ ቀድሰው ጀልባዎቹን ይባርካሉ። ሕዝቡ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ካቶሊክ ነው፤ ይሁን እንጂ ከቅዳሴው በፊት የመሬቱ ባለቤት የሆኑት ጎሣዎች በተራራው ላይ ዓሣ ነባሪዎቹን የሚጠሩበት ሥርዓት አልቀረም። ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን መኖራቸው ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ካልሆነ በቀር ለማንም ጥያቄ የሆነ አይመስልም።

ከወቅቱ ውጭ ደግሞ ከዳርቻው የሚያማትር ሰው የዓሣ ነባሪ እስትንፋስ ወደ ላይ ሲፈናጠር ካየ «ባሌዎ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከቤት ወደ ቤት ተላልፎ መንደሩን ያዳርሳል፣ ወንዶቹም የያዙትን ሥራ ጥለው ወደ ጀልባ ይሮጣሉ። የሚፈልጉት ኮተክለማ የሚሉትን፣ ግዙፍ ራስና ጥርስ ያለውን፣ ሳይንቲስቶች ስፐርም ብለው የሚጠሩትን ዓሣ ነባሪ ነው። ጥርስ የሌላቸውን ታላላቅ ዓሣ ነባሪዎች፣ ሰማያዊውን ጨምሮ፣ መንካት በባህላቸው ነውር ነው። በዓመት የሚያዘው ቁጥር እጅግ ይለዋወጣል፤ በአማካይ ሃያ ገደማ እንደሆነ ይጠቀሳል። ዓሣ ነባሪ በማይታይበት ጊዜ ሻርክ፣ ዶልፊንና ማንታ የሚባለው ክንፋም መሳይ ጠፍጣፋ ዓሣ ይታደናሉ።

ሥጋ ብቻውን ግን ሰውን አያኖርም። ሥጋው በፀሐይ ተዘልዝሎ ይደርቅና ሴቶቹ በራሳቸው ተሸክመው ወደ ተራራው መንደሮች ይወጣሉ፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚቆመው የዉላንዶኒ ገበያ ይገበያዩበታል። በዚህ ገበያ ለረጅም ዘመን የኖረው ልውውጥ ዓይነት በዓይነት ሲሆን መጠኑም የታወቀ ነው፦ ለአንድ ዝልዝል ደረቅ የዓሣ ነባሪ ሥጋ አሥራ ሁለት ራስ በቆሎ ወይም አሥራ ሁለት ሙዝ። የአገሪቱ ገንዘብ የሆነው የሩፒያ ዋጋ ቢወድቅም ቢነሣም ይህ ምጣኔ ብዙም አይናወጥም፤ ለዚህም ነው በገንዘብ ቀውስ ዘመን ዓይነት በዓይነት መለዋወጥ ለድኃ ሰው መጠለያ የሚሆነው። በፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት ጦር ወርዋሪዎቹ ይሁኑ እንጂ፣ ሥጋውን ወደ እህል የሚለውጡት የሴቶቹ እግሮች ናቸው።

አንድ ዓሣ ነባሪ የማን ነው?

መንደሩን ለመረዳት ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

የላማሌራ ጀልባ ቴና ይባላል። አሥር ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ያለ ምስማር በእንጨት ችካል የተጋጠመ፣ ሸራውም ከዘንባባ ቅጠል የተሸመነ ነው። ጀልባው የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ የአንድ የዘር ሐረግ ማኅበር ንብረት ነው። ከአሥር በላይ የሚሆኑ ሰዎች ይቀዝፉታል። ከፊት ጫፍ የሚቆመው ጦር ወርዋሪ ላማፋ ይባላል፤ ክብሩ ታላቅ ነው፣ ሆኖም ቀዛፊ፣ ውኃ ጨላፊና ገመድ ያዥ ከሌለው አንድም ነገር ማድረግ አይችልም።

አገራችን ውስጥ ቅርጫ የገባ ሰው የዚህን ክፍፍል ግማሹን ያውቀዋል፦ አንድ በሬ ለብዙ ቤት፣ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በየመደቡ እንዲደርስ ተመጥኖ። ልዩነቱ ቅርጫ ገንዘብ ባዋጡ ሰዎች መካከል እኩል የሚከፈል መሆኑ ነው። በላማሌራ ግን ድርሻ የሚሰጠው በሦስት ዓይነት መብት ነው። መጀመሪያ በዕለቱ ጀልባው ላይ የነበሩት ቀዛፊዎች አሉ። ቀጥሎ ባሕር ባይወርዱም የጀልባው ማኅበር አባላት የሆኑት ይመጣሉ። ከዚያም ጀልባውን የሠራው አናጢ፣ የጦሩን ብረት የቀጠቀጠው አንጥረኛና ሸራውን የሸመነው ሰው አሉ። ላማፋውም ሆነ የመሬቱ ባለቤት ጎሣ የየራሳቸው የታወቀ ብልት አላቸው። የዓሣ ነባሪው ሰውነት ከራስ እስከ ጅራት በእነዚህ መብቶች መሠረት ይሸነሸናል። ሥጋው እዚያ ላይም አይቆምም፤ ድርሻ ያገኘው ቤት ደግሞ ለወንድም፣ ለአማት፣ ለጎረቤት ያካፍላል። ለባሎቻቸውና ለአባቶቻቸው ሞት ባሕር ምክንያት የሆነባቸው መበለቶችና የሙት ልጆች የማይረሱ ባለመብቶች ናቸው፤ የአደኑ ጸሎትም ስማቸውን ያነሣል።

ይህ ልማድ በሰዎቹ አስተሳሰብ ላይ ምን ያህል እንደሠረጸ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች በአምስት አህጉራት ተበታትነው በሚኖሩ 15 ትናንሽ ማኅበረሰቦች ውስጥ አንድ ጨዋታ አጫወቱ። አንዱ ተጫዋች የተወሰነ ሀብት ይሰጠውና ለማያውቀው ሁለተኛ ተጫዋች ምን ያህሉን እንደሚያካፍል ይወስናል። ሁለተኛው ድርሻውን ከተቀበለ ሁለቱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ አንሷል ብሎ እምቢ ካለ ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሰው ለራሱ ጥቅም ብቻ ያስባል ብሎ የሚነሣ ሰው፣ የመጀመሪያው ተጫዋች ጥቂት ብቻ ይሰጣል ብሎ ይጠብቃል። በፔሩ ጫካ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው በሚኖርባቸው የማቺገንጋ ሰዎች ዘንድ የአማካይ ስጦታው ሩብ ገደማ ነበር። በላማሌራ ግን 58 በመቶ ሆነ፤ ከአሥራ አምስቱ ሁሉ ከፍተኛው ነው። ሰጪዎቹ ከግማሽ በላይ ሰጡ ማለት ነው።

የላማሌራ ሰዎች በተፈጥሯቸው ከሌላው የተሻሉ ደጎች ናቸው ማለት ግን አይደለም። ኑሯቸው አንድ ሰው ለብቻው ሊገድለው፣ ሊጎትተውም፣ ሊበላውም በማይችለው እንስሳ ላይ የቆመ ነው። አንድ ጊዜ በክፍፍሉ የተጭበረበረ ሰው በሚቀጥለው ጩኸት ወደ ጀልባው ላይመጣ ይችላል፤ ቀዛፊ ያጣ ጀልባ ደግሞ በዳርቻ ላይ የቆመ እንጨት ነው። በዚህ ምክንያት ላማሌራን ያቆማት ዓሣ ነባሪው ሳይሆን ክፍፍሉ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ከውጭ የመጣ ማንኛውም አዲስ ነገር፣ ሞተርም ይሁን ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብም ይሁን ትምህርት ቤት፣ መንደሩን የሚለውጠው በዚህ ክፍፍል በኩል ነው።

ታዲያ አደኑ ሕጋዊ ነው?

የንግድ ዓሣ ነባሪ አደንን ያገደው ዓለም አቀፍ ውሳኔ በ1982 ተላልፎ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ይህን ውሳኔ ያሳለፈው ኮሚሽን ግን ኢንዶኔዥያ አባሉ አይደለችም። በሌላ በኩል የኢንዶኔዥያ የራሷ ሕግ ዓሣ ነባሪዎችን ጥብቅ እንስሳት አድርጎ ይመዘግባቸዋል። የላማሌራ አደን ለመኖሪያ የሚደረግ ጥንታዊ ልማድ ነው በሚል በዝምታ ታልፏል። ይህ ዝምታ ፈቃድ እንዳልሆነ ላማሌራዎችም ያውቁታል።

መንግሥት በ2009 ሰፊውን የሳቩ ባሕር የተጠበቀ ቀጠና ለማድረግ ሲነሣ መንደሩ አጥብቆ ተቃወመ፤ በመጨረሻም በሌምባታ ዙሪያ ያለው ውኃ ከቀጠናው ውጭ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ማንታ በመላው አገሪቱ እንዳይያዝ ሲከለከል ግን ማንም የላማሌራን ዳርቻ ለይቶ አላወጣውም። ማንታ በሌሎች የዓለም ክፍሎች በብዛት የሚያልቀው ስንጥቡ ለባህላዊ መድኃኒት ወደ ቻይና ስለሚሸጥ ነው፤ ክልከላውም ይህን ንግድ ያነጣጠረ ነበር። ለላማሌራ ግን ማንታ ዓሣ ነባሪ በጠፋበት ወር ድስት ውስጥ የሚገባ ምግብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሊጠቀስ የሚገባው አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ከ1999 እስከ 2001 የኢንዶኔዥያ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ሶኒ ኬራፍ የላማሌራ ተወላጅ ናቸው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና ዓሣ አዳኞች ሁለት የማይተዋወቁ ዓለማት ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ሞተር ሲመጣ ምን ተለወጠ?

በ1973 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት መንደሩን ለማዘመን አንድ የኖርዌይ ባለሙያ፣ ጦር በመድፍ ከሚተኩስ ጀልባ ጋር ላከ። ሙከራው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተቋረጠ፤ ላማሌራዎችም ወደ ቴናቸው ተመለሱ። በቴክኒክ ረገድ መድፉ ከቀርከሃው ዘንግ የተሻለ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም መድፍ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ስለሚፈልግ፣ አናጢውን፣ ሸማኔውንና አሥሩን ቀዛፊ ከባለመብትነት የሚያወጣ መሣሪያ ነው።

ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ግን ከመድፉ በተለየ መንገድ፣ ቀስ ብሎ ገባ። መጀመሪያ ዶልፊንና ማንታ ለማሳደድ በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ተገጠመ፤ ጀልባዎቹም ከሞተሩ የንግድ ስም የተነሣ ጆንሰን ተብለው ይጠራሉ። ዛሬ ቴናው ራሱ ብዙ ጊዜ በሞተር ጀልባ ተጎትቶ ወደ ዓሣ ነባሪው ይደርሳል። ከዚያ ጋር ሌሊት የሚጣል ተንሳፋፊ መረብ መጣ፤ መረብ ሁለት ሦስት ሰው ይበቃዋል፣ የሚይዘው ዓሣም በአንድ ቤተሰብ ሊበላና ሊሸጥ የሚችል ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት የሌሎችን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሥራ መጀመር ይችላል፣ ይህም ቀላል ነጻነት አይደለም። በሌላ በኩል ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ እንጂ በሥጋ አይገዛም፤ ባለ ሞተሩ ወጪውን ማስመለስ አለበት፣ ሊመልሰው የሚችለውም ዓሣውን ሸጦ ነው። የተሸጠ ዓሣ ለጎረቤት አይደርስም። ሽማግሌዎቹ በሌፋ ወቅት መረብና ሞተር እንዲገደቡ የሚከራከሩት ለዚህ ነው፤ ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ አይደለም።

መንግሥት ለመንደሩ ምን ይሰጣል?

በኢንዶኔዥያ የመጨረሻው የመንግሥት እርከን ደሳ ይባላል፤ ከእኛ ቀበሌ ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ልዩነቱ ሊቀመንበሩ በነዋሪዎች ቀጥተኛ ድምፅ መመረጡ ነው። በመላው አገሪቱ 75,000 ያህል ደሳዎች አሉ። በ2014 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ ደሳ የራሱን በጀት ከማዕከላዊ መንግሥት በቀጥታ እንዲያገኝ ደነገገ። በ2015 ለመላ አገሪቱ የተመደበው 20 ትሪሊዮን ሩፒያ ገደማ ነበር፤ በ2019 ወደ 70 ትሪሊዮን ደረሰ። ይህም ለአንድ ደሳ በአማካይ አንድ ቢሊዮን ሩፒያ ገደማ ማለት ነው፤ በዶላር ስድሳ ሺህ ያህል ይሆናል። ከዚያ በፊት የዓመት ገቢው እዚህ ግባ የማይባል ለነበረ መንደር ይህ ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። ነዋሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ አብዛኛው ለመንገድ፣ ለውኃ መስመር፣ ለድጋፍ ግንብ፣ ለእናቶችና ሕፃናት ጤና ይውላል። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ከዚሁ ገንዘብ ለድኃ ቤተሰቦች ጥሬ ብር ተከፍሏል።

ይህን ገንዘብ አቃሎ ማየት ስሕተት ነው። ሲሚንቶ የፈሰሰበት የመንደር መንገድ ለበሽተኛም ለተማሪም ትርጉም አለው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚከተለው የራሱን ካርታ ነው። ላማሌራ በመንግሥት መዝገብ አንድ መንደር አይደለችም፤ ላማሌራ ሀ እና ላማሌራ ለ ተብለው የሚጠሩ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከዳርቻው ያሉ ሁለት ደሳዎች ናት። ጀልባዎቹ የሚያርፉበት ዳርቻ ግን አንድ ነው። የመንግሥት ድጎማ በሰው ቁጥርና በድኅነት ዝርዝር ይሰላል፤ ዓሣ ነባሪው በዘር ሐረግና በሥራ ይከፈላል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት የማከፋፈያ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ እያንዳንዱም የሚያያቸውና የሚዘላቸው ሰዎች አሉት።

ከመንደሩ በላይ ያለው ነገር ደግሞ ከመንደሩ አቅም ውጭ ነው። መንግሥት ከ2015 ጀምሮ ወደ ሩቅ ደሴቶች ለሚሄዱ የጭነት መርከቦች ድጎማ ይከፍላል፤ ዓላማውም ሲሚንቶና ሩዝ በምሥራቅ ከጃቫ ዋጋ ጋር እንዲቀራረቡ ነው። መርከቦቹ ወደ ምሥራቅ ሞልተው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጭኑት ያጣሉ፤ ምክንያቱም እነዚህ ደሴቶች ለመላክ ያላቸው ኮፕራ (የደረቀ የኮኮናት ሥጋ)፣ ካሹና ደረቅ ዓሣ መጠኑ ትንሽ ነው። ባዶ የሚመለስ መርከብ ወጪውን የግድ ከሄደው ጭነት ያወጣዋል።

የስልክ ማማ ታሪክ ደግሞ የከፋ ነው። ሩቅ መንደሮችን በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ለማገናኘት ትሪሊዮኖች ተመድበው ማማዎቹ በብዛት በጊዜያቸው ሳይቆሙ ቀሩ፤ የመገናኛ ሚኒስትሩ ጆኒ ፕላቴም በ2023 በሙስና ተከሰው የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ሰውየው የፍሎሬስ ተወላጅ ናቸው፤ ማማዎቹ ከተጠበቁባቸው ደሴቶች የአንዱ ልጅ ማለት ነው።

ወጣቶቹ ለምን ይሄዳሉ?

በዚህ ክፍለ ሀገር ከመንደር መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ከሌምባታና ከጎረቤቷ ከአዶናራ በርካታ ወንዶች በማሌዢያ ሳባህ ግዛት በሚገኙ የዘንባባ ዘይት እርሻዎች ለመሥራት ለአሥርት ዓመታት ሲጎርፉ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ ያለ ወረቀት። በ2002 ማሌዢያ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር በኢንዶኔዥያ በኩል ባለችው የድንበር ከተማ በኑኑካን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከማችተው በርሃብና በበሽታ ብዙዎች ሞቱ። ዛሬም በአንዳንድ ዓመታት ከመቶ በላይ የሠራተኞች አስከሬን በኩፓንግ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ቤተሰቦቹ ይመለሳል።

ሴቶቹም በቤት ሠራተኝነት ወደ ማሌዢያ፣ ሲንጋፖርና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ። ኢንዶኔዥያ በ2015 የቤት ሠራተኞች ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደች፤ ኢትዮጵያም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ፣ በ2013፣ ተመሳሳይ እገዳ ጥላ በ2018 አንሥታለች። በሪያድና በጅዳ ቤቶች ውስጥ የሁለቱ አገሮች ሴቶች ጎን ለጎን ስለሠሩ፣ እገዳ ጉዞውን ከማስቆም ይልቅ ወደ ደላላ እጅ እንደሚያዛውረው ሁለቱም ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ አይተውታል።

ላማሌራ ከዚህ ጎርፍ በተለየ ሁኔታ ትወጣለች። የካቶሊክ ሚሲዮን ቀደም ብሎ ትምህርት ቤት ስለከፈተ፣ ከዚህች ትንሽ ዳርቻ ከመጠኗ ጋር የማይመጣጠን ቁጥር ያላቸው ካህናት፣ መነኮሳትና መምህራን ወጥተዋል፤ በኢንዶኔዥያ ትምህርት ቤቶች ስሙ የሚታወቀው የሥነ ልሳን ሊቅ ጎሪስ ኬራፍም የዚሁ መንደር ልጅ ነበር። የጀልባው ድርሻ በመጠኑም ቢሆን የትምህርት ክፍያ ሆኗል፤ ሥጋ በቆሎ ሆነ፣ በቆሎና ዓሣ የቤት ወጪን ሸፈኑ፣ የተረፈው ገንዘብ ለትምህርት ተላከ። የተማረው ልጅ ደግሞ በአብዛኛው አይመለስም፤ በሌዎሌባ ወይም በኩፓንግ የመንግሥት ደመወዝ ያገኘ ሰው ለምን ተመልሶ ቀዛፊ ይሆናል? ገንዘብ ይልካል፣ ለአደኑ መክፈቻ ይመጣል፣ መብቱም በጀልባው ማኅበር ውስጥ ይቀመጥለታል። ይሁን እንጂ ከአሥር በላይ ክንድ የሚፈልግ ጀልባ በሐዋላ አይቀዘፍም።

ተፈጥሮስ?

ደሴቲቱ በእሳተ ገሞራ ላይ የተቀመጠች ናት። በ1979 በደቡባዊ ዳርቻዋ፣ በዋይቴባ፣ የተራራ ናዳ ባሕር ውስጥ ገብቶ ባስነሣው ማዕበል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በኅዳር 2020 በሰሜን ያለው ሌዎቶሎክ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ በቀጣዩ ሚያዝያ ሴሮጃ የተባለው አውሎ ነፋስ የተራራውን ልቅ ድንጋይና አመድ ጠርጎ በግርጌው መንደሮች ላይ አወረደው። በአደጋው በአካባቢው ደሴቶች ላይ ከመቶ ሰማንያ ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት የተፈናቀሉትን ወደ ሌላ ቦታ ሊያሰፍር ሲሞክር የገጠመው ጥያቄ በላማሌራ ቢደርስ መልሱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ገበሬን ወደ ሌላ ማሳ ማዛወር ይቻላል፣ የጀልባ ማኅበርን ግን ከዳርቻው ማዛወር ማኅበሩን መበተን ነው።

ወደፊት ምን ሊመጣ ይችላል?

ቱሪዝም ተስፋ ተደርጎ ብዙ ይወራለታል። ጥቂት እንግዶች ይመጣሉ፣ በጀልባ ለመውጣትም ይከፍላሉ። የኢንዶኔዥያ የቱሪዝም ገንዘብ በምሥራቁ በኩል የሚፈሰው ግን ኮሞዶ ወደምትባለው የዘንዶ እንሽላሊቶች ደሴት መግቢያ ወደሆነችው በምዕራብ ፍሎሬስ ወደምትገኘው ላቡዋን ባጆ ነው። ከዚያ እስከ ሌምባታ የሚደርስ እንግዳ ጊዜም ትዕግሥትም ያለው ብቻ ነው። በተጨማሪም ዓሣ ነባሪን ለማየት የሚመጣና ዓሣ ነባሪ ሲገደል ለማየት የሚመጣ እንግዳ አንድ ሰው አይደለም፤ መንደሩ ሁለቱንም ሊያስተናግድ አይችልም።

የቅርቡ ዜና በሐምሌ 2025 የፕሬዚዳንት ፕራቦዎ መንግሥት ያስጀመረው ዕቅድ ነው፤ በመላ አገሪቱ 80,000 የመንደር የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲቋቋሙ፣ እነሱም ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ ማቀዝቀዣ መጋዘንና አነስተኛ ብድር እንዲኖራቸው ታስቧል። ለአንድ የዓሣ መንደር ማቀዝቀዣ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓሣ ሳይበላሽ የሚቆይ ከሆነ የሚሸጥበትን ቀን ሻጩ ይመርጣል። እዚህ ላይ ግን ከላይ የተነሣው ጉዳይ ይመለሳል። ማኅበሩ በየደሳው እንዲቋቋም ነው የታቀደው፣ ላማሌራ ደግሞ ሁለት ደሳዎች ናት፤ አባልነቱ በግለሰብ ነው፣ ጀልባው ግን የዘር ሐረግ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚገባው የማን ዓሣ ነው? ትርፉስ በየትኛው ሥርዓት ይከፈላል፣ በመዝገብ ላይ ባለው ድርሻ ወይስ በሥጋ ላይ ባለው መብት? ማቀዝቀዣ ሥጋን ማቆየት ያስችላል፣ ሊቆይ የሚችል ሥጋ ደግሞ ሊሸጥ የሚችል ሥጋ ነው፤ ዛሬ ዓሣ ነባሪው ለሁሉም የሚዳረሰው በከፊል በፀሐይ ደርቆም ቢሆን አንድ ቤት ብቻውን ሊይዘው ስለማይችል ነው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ የሚያጸድቀው የነዋሪዎች ጉባኤ ነው። የላማሌራ ሽማግሌዎች በየዓመቱ ከሌፋ በፊት በዳርቻው የሚያደርጉት ስብሰባ ለዚህ ዓይነት ክርክር ልምድ አለው፤ የመንግሥቱ ጉባኤ ግን በደሳው ጽሕፈት ቤት የሚካሄድ፣ በሊቀመንበሩ የሚመራ፣ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ የሚጻፍ ነው። የሚመዘገበው ደንብ የትኛውን ስብሰባ ይበልጥ እንደሚመስል፣ የማቀዝቀዣውን በር ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ በተግባር የሚታየው ከዚያ በኋላ በሚከተለው የአደን ወቅት፣ የመጀመሪያው ዓሣ ነባሪ ሲሸነሸን ነው።